ፋፍሳ ለመሙላት ማንም ገንዘብ መክፈል የለበትም

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ሲቃረብ በየሀበሻው ቤት የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ፋፍሳ ማን ይሙላልን?» ጥያቄው ራሱ ገበያ ፈጥሯል። ታክስ የሚሠራው፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞላው፣ «የኮሌጅ አማካሪ ነኝ» የሚለው ሁሉ ዋጋውን ቆርጦ ይጠብቃል። መልሱ ግን አጭር ነው። ፋፍሳን የሚሞሉት ተማሪውና ወላጆቹ ናቸው፤ ክፍያ የለውም።

ፋፍሳ የፌዴራሉ መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት የሚሞላ ማመልከቻ ነው። በዚህ አንድ ፎርም ተማሪው ለፔል ግራንት፣ ለወርክ ስተዲና ለፌዴራል ብድር በአንድ ጊዜ ያመለክታል። ብድሩ ይመለሳል፤ ፔል ግራንት ግን የማይመለስ ስጦታ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ብዙ ስቴቶችና ኮሌጆችም የራሳቸውን ድጋፍ የሚያከፋፍሉት ይህንኑ ፎርም አይተው ነው።

ትክክለኛው ድረ ገጽ ስቱደንትኤይድ ይባላል፤ መጨረሻው «ነጥብ ጎቭ» ነው። ይህን መጨረሻ ልብ በሉ። ፋፍሳ የሚለውን ስም ይዞ «ነጥብ ኮም» ላይ ለዓመታት ሲሠራ የነበረው ድረ ገጽ የመንግሥት ሳይሆን ፎርሙን ለመሙላት የሚያስከፍል የግል ድርጅት ንብረት ነበር። በ2015 የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ድርጅቱ ደንበኞቹ በቅጡ ሳይፈቅዱ በየዓመቱ ከካርዳቸው ገንዘብ ይቆርጣል ሲል ከሰሰው። ጉዳዩ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች በመመለስ ተዘጋ፤ የድረ ገጹ አድራሻም ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ያ ድርጅት ቢሄድም መሰሎቹ አልጠፉም፤ ጉግል ላይ ፋፍሳ ብላችሁ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል።

ድሮ እንኳ ሰው አማካሪ ቢፈልግ አይፈረድበትም ነበር፤ ፎርሙ ከ100 በላይ ጥያቄዎች ነበሩት። ከ2024–25 ጀምሮ ግን በእጅጉ አጥሯል። የታክሱም መረጃ ፈቃድ ከተሰጠ በቀጥታ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ይመጣል። እያንዳንዱ የሚመለከተው ሰው፣ ታክስ ያላቀረበ እንኳ ቢሆን፣ ይህን ፈቃድ በራሱ የስቱደንትኤይድ አካውንት ገብቶ መስጠት አለበት፤ አንዱ ከቀረ ተማሪው የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም። ስለዚህ የምትከፍሉት ሰው የሚሠራላችሁ ሥራ እናንተው ከምትሠሩት ብዙም አይበልጥም።

ከገንዘቡ የባሰው ጉዳት ደግሞ አካውንቱ ላይ ነው። ፎርሙን የሚሞላው ሰው ሥራው እንዲፈጥንለት አካውንቱን በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ይከፍተዋል እንበል። በዚያን ዕለት ቤተሰቡ ደስ ብሎት ይሄዳል። ፋፍሳ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነው። በዓመቱ ልጁ ልግባ ሲል የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው በዚያ ሰው ስልክ ላይ ነው። እንደገና ደጅ መጥናት፣ እንደገና መክፈል ይመጣል። በዚያ ላይ ያ አካውንት ሕጋዊ ፊርማ ነው፤ የያዘው ሰው በእናንተ ስም የብድር ውል ሊፈርምበት ይችላል። ፓስወርዱን አጎትም ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅም ቢሆን መያዝ የለበትም። እርዳታ ከፈለጋችሁ ሰውየው አጠገባችሁ ይቀመጥ እንጂ ኪቦርዱን አይቀበላችሁ።

የእኛን ሰው ወደ አስከፋይ የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ የስም ነገር ነው። የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ ስም፣ የአባቱ የመጨረሻ ስም የአያቱ፣ የእናቱ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። «ሦስታችን ሦስት ስም ይዘን እንዴት ቤተሰብ ነን እንላለን?» የሚል ስጋት አለ። ችግር የለውም፤ ስማችሁ እንዲመሳሰል የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው እያንዳንዱ ሰው ያስገባው ስምና የልደት ቀን ሶሻል ሴኩሪቲ ዘንድ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ነው። አንዲት ፊደል ብትለይ፣ ወይም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ቀኑ ተሳስቶ ከሆነ፣ ሲስተሙ አልቀበልም ይላል። ስህተቱ መዝገቡ ላይ ከሆነ የሚታረመው በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው፤ እሱም በነጻ።

ሌላው ጉዳይ አገር ቤት የቀረ ወላጅ ነው። እናት በዲቪ መጥታ አባት ገና አዲስ አበባ ካለና ታክሱን በጋራ ካላቀረቡ፣ ጋብቻው እስካለ ድረስ ሁለቱም ፎርሙ ላይ ይገባሉ። አባትየው ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖረውም አካውንት መክፈት ይችላል፤ ገቢው ወደ ዶላር ተለውጦ በእጅ ይሞላል። የተፋቱ ከሆነ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ወጪ የሸፈነው ወላጅ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኛነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ ለፌዴራል ድጋፍ ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ወይም ጊዜያዊ ጥበቃ (ቲፒኤስ) ብቻ የያዘ ግን በዚያ ብቻ የፌዴራሉን ድጋፍ አያገኝም። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን ሊበላ ነው። ይልቅ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች የራሳቸው ነጻ ማመልከቻ ስላላቸው ወደዚያ ሂዱ።

በእውነት የሚያስከፍል አንድ ፎርም አለ፤ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል። የኮሌጅ ቦርድ ፎርም ሲሆን የራሳቸውን ገንዘብ የሚሰጡ፣ በአብዛኛው የግል የሆኑ ኮሌጆች ይጠይቁታል። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። ነገር ግን የቤተሰቡ ገቢ በዓመት እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ ወይም ተማሪው የኤስኤቲ ክፍያ ምሕረት ካገኘ አገር ውስጥ ላለ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካች ነጻ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ፎርሙን በእርግጥ የሚፈልገው መሆኑን አጣሩ፤ ብዙዎቹ አይፈልጉትም። የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያም ቢሆን አቅም ለሌለው ይቀራል፤ ኮመን አፕ ላይ መጠየቂያው አለ፣ የትምህርት ቤቱ ካውንስለርም ይረዳል።

«ስኮላርሺፕ ደርሶሃል፣ ለማስያዣ ይህን ያህል ላክ» የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት። ስኮላርሺፕ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ሥራ የለቀቀ ወይም ከባድ የሕክምና ወጪ የገጠመው ቤተሰብም አቅሙ አሁን ፋፍሳ ላይ የሚታየውን አይመስልም፤ ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ታክስ ነውና። ይህን የሚያስተካክለው የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው። ማስረጃችሁን ይዛችሁ እንደገና እንዲያዩት ጠይቁ፤ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጻፉት፣ አሳምራችሁ ሳይሆን እውነቱን።

ፋፍሳ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 ሳይዘገይ ይከፈታል። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ጁን 30 ነው፤ የስቴቶችና የኮሌጆቹ ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ያልፋል፣ ገንዘቡም ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚበቃው። ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ካውንስለሩን ወይም የኮሌጁን ቢሮ ጠይቁ፤ እነሱ ካልተገኙ የፌዴራሉ የመረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-433-3243 ነው።