እንግዳው ልዑል

በእንግሊዝ አገር በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያ አንዲት የናስ ሰሌዳ ትገኛለች። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በዚህ አቅራቢያ መቀበሩን፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን፣ ሰሌዳዋንም ያኖረችው ንግሥት ቪክቶሪያ መሆንዋን ትናገራለች። ማቴዎስ 25፥35፣ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል፣ አብሮ ተቀርጾባታል።

ይህ ቤተ ክርስቲያን ጋርተር የሚባለው የክብር ማኅበር መቀመጫ ነው። እያንዳንዱ አባል በሕይወት ሳለ የዘሩ ምልክት ያለበት ሰንደቅ ከወንበሩ በላይ ይሰቀልለታል። ሲሞት ሰንደቁ ይወርዳል፤ ስሙና ምልክቱ ያለበት ሰሌዳ ግን ከወንበሩ ጋር ይቀራል። አንበሳው፣ ንስሩ፣ ዘውዱ ሁሉ ሰውየው ከማን እንደ ተወለደ ይመሰክራል። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1947 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር አባል ሆነዋል። የሚገርመው፣ ከውጭ አገር የሚሾም ንጉሥ በማኅበሩ ደንብ የሚጠራው “እንግዳ” ተብሎ ነው። አንዱ ኢትዮጵያዊ በዘውድ እንግዳ ተባለ፣ ሌላው በጥቅስ።

ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አባቱን ሲያጣ ገና 7 ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። ልጁ አማርኛ ለሚያውቀው ለሻምበል ስፒዲ በአደራ ተሰጠ፤ ወደደውም። ቆይቶ ግን መንግሥት ከስፒዲ ለይቶ ትምህርት ቤት አስገባው፤ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ወደ አገሬ ልመለስ ቢልም አልተፈቀደለትም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ንግሥቲቱ ዘመድ በሌለበት አገር ብቻውን መሞቱ እንዳሳዘናት በማስታወሻዋ ጽፋለች። ኀዘኗ የእውነት ይመስለኛል። ልብስ፣ ምግብ፣ ትምህርት አልጎደለበትም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ያ ጥቅስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል “ተቀበላችሁኝ” የሚለው እንግዳው ራሱ ነው፤ የተቀበሉት ጻድቃንማ መቼ እንደ ተቀበሉ እንኳ አያስታውሱም። በዊንድዘር ግን ቃሉን ያስቀረጸችው ተቀባይዋ ናት። ዓለማየሁ ቢጠየቅ ይህን ይል ነበር?

ቁጥራችን ጥቂት በሆነበት በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ያላችሁ ባለትዳሮች ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ከገጠር ለትምህርት ስንቁን ተሸክሞ የመጣ የእኅት ልጅ፣ ወላጅ ያጣ ሕፃን፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ የተጠጋ ዘመድ በየቤቱ አለ። እናስተምረዋለን፣ እናበላዋለን፣ በጸሎት ኅብረትም “ጌታ ልጅ ሰጠን” ብለን እንመሰክራለን። መመስከሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ልጁ የሚበላው ከእናንተ ልጆች ጋር በአንድ መሶብ ነው ወይስ ከወጥ ቤት? የእናቱ ስም በቤታችሁ ይጠራል? ለበዓል ልሂድ ሲል “ምን ጎደለብህ?” ብላችሁ ዝም ታሰኙታላችሁ? (ይህች ጥያቄ ስንቱን ልጅ አፍ አስይዛለች!) መንገድ ቢዘጋ ስልክ አለ፤ ስልኩ ባይሠራ ገበያ ለወጣ የአገሩ ሰው መልእክት መስጠት ይቻላል። ባልየው ዘመዱን ሲያመጣ ሚስትየው፣ ሚስትየዋ ስታመጣ ባልየው አስቀድሞ መስማማቱም ልጁን ከብዙ ግልምጫ ያድነዋል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. የዓለማየሁ አፅም እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአቅራቢያው ያረፉትን ሌሎች ሙታን ሳይነኩ እርሱን ማውጣት እንደማይቻል አስታወቀ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን ከራሱ የተቆረጠ አንድ ቁንጮ ፀጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።