የኬሚስትሪ መምህርነት በኢትዮጵያ

የኬሚስትሪ መምህርነት በኢትዮጵያ በዋናነት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪን የማስተማር ሙያ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ ራሱን ችሎ አይሰጥም፤ ከፊዚክስና ከባዮሎጂ ጋር «አጠቃላይ ሳይንስ» ውስጥ ተካትቷል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው አሠራር ሠልጣኙ አስቀድሞ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ቀጥሎም የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ለሥራ ፈላጊው ትልቅ ትርጉም አለው፦ ዲግሪው የኬሚስትሪ ስለሆነ ከክፍል ውጭም ያገለግላል። የቢራ፣ የስኳር፣ የሲሚንቶና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ለጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ኬሚስት ይቀጥራሉ። የከተማ ውኃ አገልግሎቶችም የውኃ ናሙና የሚመረምር ባለሙያ ይፈልጋሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ግን ቲዎሪ ብቻ አያዋጣም፤ ቲትሬሽን በእጁ ሠርቶ የማያውቅ፣ ስፔክትሮፎቶሜትር በሥዕል ብቻ ያየ ተመራቂ ይቸገራል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ፋብሪካ ያዞረ ሠልጣኝ የላብ ሰዓቱን እንደ ትርፍ ሊቆጥረው አይገባም።

በማስተማሩ የሚቀጥል ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር እያለ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር የሚሆኑም አሉ። በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለማስተማር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል።