ዝቅ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች ለራያ ቆላ ገበሬ ምን ይፈይዳሉ?

በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ የሚያዋስኑት የቆቦና የራያ ቆላ ሜዳ በማሽላውና በጤፉ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆም በከርሰ ምድር ውሃ በሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም የታወቀ ነው። ለዚህ ሜዳ ገበሬ ዝናብ በወቅቱ መዝነቡ የሚያስፈልገውን ያህል መረጃም በወቅቱ ሊደርሰው ይገባል። በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ መንጋ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ፣ መንጋው ያደረበትን ቦታ ፈጥኖ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታይቷል። በሰሜኑ ጦርነት የግንኙነት መስመሮች ተቋርጠው ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። በዚህ ሁሉ ምክንያት «መረጃ በሰማይ በኩል ሊመጣ አይችልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

አሠራሩ

የሳተላይት አገልግሎት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፕላዝማ የተከታተሉት ትምህርት የመጣው በሳተላይት ነበር። ይህን መሰሉ ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንድ ቦታ ላይ የቆመ መስሎ ስለሚታይ፣ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። አዲሶቹ ግን በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚዞሩ ምላሻቸው ፈጣን ነው። ይሁንና አንዱ ሳተላይት ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚዞር፣ ከቆቦ በላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱ በዞብል በኩል ሲጠልቅ ሌላው በላስታ በኩል ብቅ ማለት አለበት። ስታርሊንክ የተባለው ድርጅት በግንቦት 2011 ዓ.ም. በ60 ሳተላይቶች ጀምሮ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ያሰማራው በዚህ ምክንያት ነው። በጎረቤታችን ኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል።

ለአንበጣ መከላከልም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ስልክ በማይሠራበት ቦታ የሚያገለግል የእጅ መሣሪያ ለአሳሾች አዘጋጅቷል። መሣሪያው መንጋው የታየበትን ቦታ የሚልከው ኢሪዲየም በተባሉት፣ በ780 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚዞሩ 66 ሳተላይቶች አማካይነት ነው።

መሪዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ ሕጉ ይጠየቅ። በአገራችን ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በኮንትሮባንድ የገባ መሣሪያ መግዛት የማኅበሩን ገንዘብ ለኪሳራ፣ መሪውንም ለተጠያቂነት ይዳርጋል።

ሁለተኛ፣ ወጪው ይሰላ። ከመሣሪያው ዋጋ ሌላ የየወሩ ክፍያ አለ። ሳህኑ ዛፍና ግድግዳ የማይጋርደው ሰማይ ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀበሌ ደግሞ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ የጋራ ይሁን። በአንድ አካባቢ ተጠቃሚ ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በአንድ ቦይ ላይ ማሳ ሲበዛ ውሃው እንደሚሳሳው ማለት ነው። የውሃ አባት ተራ እንደሚያስጠብቅ ሁሉ፣ ለዚህም ኃላፊ ተመርጦ የሽንኩርት ዋጋ፣ የአየር ጠባይ ትንበያና የተባይ ማስጠንቀቂያ በየዕለቱ ለአባላት ቢነበብ ጥቅሙ ለሁሉም ይዳረሳል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሳተላይት ምሰሶ ሲወድቅና ገመድ ሲበጠስ ይደርሳል እንጂ፣ ፈቃድ ያለው አገልግሎት በትእዛዝ ሊዘጋ መቻሉ አይቀርም። ስለዚህ ማኅበራት ሬዲዮኑንና የመልእክተኛውን እግር ሳይተዉ፣ አዲሱን መንገድ መርምረው ሊዘጋጁበት ይገባል።