ናዝሬትን አዳማ ስንል

አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ፣ ዝዋይም ባቱ ሆነዋል። ሰው በሁለቱም ስም ቢጠራቸው ይግባባል፤ ኮምፒዩተር ግን «ናዝሬት» ተብሎ የተቀመጠውን ፋይል «አዳማ» ብለው ቢፈልጉት አያገኘውም።

እንግዲህ ወጣቱ ሠራተኛ የፋይሉን ስም በጽሑፍ ትእዛዝ ለመለወጥ ይነሣል። ነገር ግን «አዳማ» የሚባል ሌላ ፋይል በዚያው ቢኖርሳ? የዊንዶውሱ «ሬን» ስሙ ተይዟል ብሎ እንቢ ይላል። የሊኑክስና የማክ «ኤምቪ» ግን ከአጠገቡ ሰረዝና የእንግሊዝኛው «አይ» ፊደል ካልተጻፈ፣ ሳይጠይቅ የነበረውን ደምስሶ በቦታው ይተካል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አስቀድመን ዝርዝሩን እንይ፤ ግልባጭም እናስቀር። ከተማ ስሟ ቢለወጥ ነዋሪዋ አይጠፋም፤ በእኛ ችኮላ ግን የአንድ ሰው የቤት ማስረጃ ሊጠፋ ይችላል።