የብርቱካን ሽታ ብርቱካን አይደለም

በውርጌሳ ገበያ በቅመም ሻጮች አጠገብ ስናልፍ ዓይናችንን ብንጨፍን እንኳ ሽታው ይነግረናል። ይሄ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ያ ዝንጅብል ነው፤ ወዲያ ደግሞ ኮረሪማ አለ እንላለን። ወደ ሱቅ ብንገባ ደግሞ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ከረሜላና ማንጎ ማንጎ የሚል በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት እናገኛለን። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በከረሜላው ውስጥ አንዲት ጠብታ የብርቱካን ጭማቂ የለም። ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ጣዕም ምን እንደሆነ እንመልከት። ምላሳችን የምትለየው ጥቂት ነገር ነው። ይኸውም ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና የሥጋ መረቅ የመሰለውን ጣዕም ነው። የቀረውን የምትለየው አፍንጫ ናት። ለማረጋገጥ አፍንጫችንን ጥብቅ አድርገን ይዘን ጥቂት አዝሙድ እናኝክ። ምን እንደሆነ አይታወቀንም። አፍንጫችንን ስንለቅ ግን ወዲያው ይታወቀናል። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ የማይጣፍጠንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽታ ማለት ከምግቡ ተነሥቶ በአየር ወደ አፍንጫችን የሚገባ፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር ነው። እያንዳንዱም ስም አለው። የሎሚን ሽታ የሚሰጠው ሲትራል ይባላል። የአብሽን ሽታ የሚሰጠው ሶቶሎን ነው። ይህ ነገር በሰውነት ውስጥ አልፎ በላብ ይወጣል። አብሽ የጠጣ ሰው ላቡ አብሽ አብሽ የሚለው ለዚህ ነው። በርበሬን የሚያቃጥለው ደግሞ ካፕሳይሲን ነው። ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ በርበሬ ሲያቃጥለን ከውሃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ያስታግሰናል።

ፋብሪካዎች ይህን ሽታና ጣዕም ከተክሉ ለይተው ያወጣሉ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አረቄ ሲወጣ በጋኑ ውስጥ ያለው ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲገባም ፈሳሽ ይሆናል። የቅመም ዘይትም በብዙ ቦታ የሚወጣው እንደዚሁ በእንፋሎት ነው። የብርቱካን ዘይት ግን ከልጣጩ ተጨምቆ ይገኛል። በአገራችንም ከበርበሬ ቀለሙንና ማቃጠሉን ለይቶ የሚያወጣ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ሠርቷል።

ሁለተኛው መንገድ ያንኑ ሽታ ያለ ተክሉ መሥራት ነው። ቫኒላ ፍሬው ብስኩትና አይስክሬም የሚያጣፍጥ የሐረግ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ውድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ጀርመን ውስጥ ቲማንና ሃርማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የቫኒላን ሽታ ከጥድ ዛፍ ከሚገኝ ነገር ሠሩ። ዛሬ አብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው። በ1908 ደግሞ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ የመረቅን ጣዕም ከባሕር ሣር ለይቶ አወጣ። ዛሬ ወጥ ውስጥ በሚጨመረው የሾርባ ቅመም ውስጥ የምንቀምሰው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ በፋብሪካ የተሠራ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። በተፈቀደው መጠን ከገባ አይጎዳም። ጉዳቱ ያለው ሽታውን ምግብ ነው ብሎ ማመን ላይ ነው። አፍንጫ ትታለላለች፤ ሰውነት ግን አይታለልም።

አንድ መካከለኛ ብርቱካን ለአንድ ልጅ ለቀን የሚበቃ ቪታሚን ሲ አለው። ይህ ሲጎድል ድድ ይደማል፤ ቁስልም ቶሎ አይድንም። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ደግሞ ለዓይን የሚያስፈልገውን ቪታሚን ኤ ይሰጣሉ። ይህ ያጣ ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት ይይዘዋል። በማንጎ ሽታ የተሠራው ዱቄት ግን ቪታሚን ካልተጨመረበት በስተቀር ስኳር፣ ቀለምና ሽታ ብቻ ነው። ዳፍንትን አይከላከልም። ጥርስንም ያበላሻል።

በመርሳና በግራና አካባቢ በመስኖ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይመረታል። ፍሬውን በሙሉ ለገበያ አውጥተን በገንዘቡ ለልጆቻችን የፍሬውን ሽታ ገዝተን ብንገባ ኪሳራው ድርብ ነው። መሸጡ ይገባል፤ ገንዘብ ያስፈልገናልና። ነገር ግን ለቤት የሚሆነውን አስቀድመን እናስቀር።

ከሱቅ ስንገዛም መጠቅለያውን እናንብብ። አማርኛ የሌለበት ከሆነ የሚያነብልንን ሰው እንጠይቅ። «የብርቱካን ጭማቂ» እና «የብርቱካን ጣዕም ያለው» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍሬው አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ሽታው ብቻ ሊሆን ይችላል። ከተጻፉት ነገሮች ውስጥ ስኳር መጀመሪያ ላይ ከተጠቀሰ ከሁሉ የሚበዛው ስኳር ነው ማለት ነው። የአገልግሎቱ ጊዜ የሚያበቃበትንም ቀን እንመልከት። ሁለት መስመር ማንበብ ገንዘባችንን ያተርፍልናል፤ የልጆቻችንንም ዓይን ይጠብቅልናል።