«ካህራባ» ሲሉሽ አትደንግጪ
ለካንሰር ሕመም ማስታገሻ ስለሚውለው ትንሽ መሣሪያ

ቤይሩት ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህታችን የቤቱን አሮጊት እናት ታስታምማለች። እንደ አገሩ ልማድ «ቴታ» ትላቸዋለች። ቴታ የጡት ካንሰር ይዟቸው ወደ ጀርባ አጥንታቸው ተሰራጭቷል። ቀን ቀን ዝም ብለው ይውላሉ፤ ሌሊት ግን ጎናቸውን ሊለውጡ ሲሉ ሕመሙ ያስጮኻቸዋል። አንድ ቀን መዳም ከሐኪም ዘንድ ስትመለስ ከእጅ ስልክ የማትበልጥ ሣጥን፣ ቀጫጭን ሽቦዎችና አራት ተለጣፊዎች ይዛ መጣች። የቴታን ጀርባ እያሳየች «ካህራባ፣ ካህራባ» አለቻት። እህታችን ከንግግሩ ሁሉ የገባት ይህቺው ቃል ነበረች፤ ኤሌክትሪክ። «እኚህን የታመሙ ሴት በእጄ ኤሌክትሪክ አስይዤ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ያምነኛል?» ብላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እሑድ ስንገናኝ ይህን አጫወተችን። እንደ እርሷ የካንሰር ሕመምተኛ የምታስታምሙ እህቶች ብዙ ስለሆናችሁ፣ ስለዚህ መሣሪያ ማወቅ የሚገባችሁን እነሆ አቅርበናል።

ለመሆኑ መሣሪያው ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ቴንስ» ይሉታል። ሥራው ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች አማካይነት ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ነርቭ መላክ ነው። በባትሪ ስለሚሠራ ኃይሉ እንደ ግድግዳ ሶኬት ሰውን የሚጥል አይደለም። ሲከፈት ሕመምተኛው ቆዳው ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስል ውርር ይለዋል እንጂ ሊያመው አይገባም።

ሕመምን በኤሌክትሪክ ማስታገስ አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው ምዕተ ዓመት በሮም የነበረው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ ለራስ ምታትና ለሪህ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዓሣ በሕይወቱ እንዳለ ገላ ላይ ማድረግን ጽፏል። የዛሬው መሣሪያ መሠረት የተጣለው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሕመም ወደ አንጎል ሲጓዝ በሕብለ ሰረሰር ላይ «በር» ያጋጥመዋል ብለው ባስረዱ ጊዜ ነው።

ነገሩ ከራሳችን ገላ የራቀ አይደለም። ጉልበትሽን ጠረጴዛ ሲመታሽ ሳታስቢው እጅሽ ሄዶ ያሸዋል፤ ሕመሙም ጥቂት ይቀልልሻል። የመነካትን ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ወፍራምና ፈጣን ናቸው፤ ብዙውን የሕመም መልእክት የሚያደርሱት ደግሞ ቀጫጭንና ዘገምተኛ ናቸው። ፈጣኖቹ ቀድመው በሩን ሲሞሉት ለሕመሙ መግቢያው ይጠብበታል። መሣሪያው የሚያደርገው ይህንኑ ማሸት ሳያቋርጥ መቀጠል ነው።

ካንሰርም ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሕብለ ሰረሰርን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ገላ ውስጥ ሲያኖር፣ ታካሚው የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ነበር። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሞከር ሆኖ ተስፋፋ።

ታዲያ ይሠራል?

እውነቱን መናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ለካንሰር ሕመም በትክክል የተመዘኑ ሦስት ሙከራዎችን ብቻ አገኘ፤ የተሳተፉትም በጠቅላላ 88 ሰዎች ነበሩ። በዚህ ቁጥር ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብሎ መደምደም አልተቻለም። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ የገባ 24 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን መሣሪያው ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸውን ሕመም ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁሟል። ስለዚህ አንዳንዱን ያሳርፋል፣ ሌላውን ምንም አይለውጠውም። ካንሰሩን ግን አያድንም። እረፍቱም በአብዛኛው መሣሪያው ተከፍቶ ባለበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ነው።

እጅሽን ከመስደድሽ በፊት

ሐኪሙ የት እንደሚለጠፍ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለቤተሰቡ ነግሮ ይሆናል። መዳምሽ አንድ ጊዜ ራሷ አድርጋ እንድታሳይሽ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ፓዶቹን ለጥፊ፤ ከዚያ ከዝቅተኛው ጀምረሽ እያዘገምሽ ከፍ አድርጊ። ሕመምተኛዋ «ይሰማኛል፣ ግን አያመኝም» የሚሉበት ላይ አቁሚ። ጡንቻቸው የሚዘል ከሆነ በዝቷልና ቀንሺ። ፓዶቹን ከማንሣትሽ በፊት አጥፊው። ቆዳው ቀልቶ ወይም ተልጦ ብታዪ ተናገሪ።

እነዚህን ደግሞ አትርሺ። ልባቸው ውስጥ ፔስሜከር የተተከለላቸው ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ ፈጽሞ አይደረግም። በአንገት ፊት ለፊት፣ በዐይን ላይ፣ በቁስል ላይ፣ በደነዘዘ ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ዕጢው ባለበት ቦታ ላይና በቅርቡ የጨረር ሕክምና ባገኘ ቆዳ ላይም ሐኪሙ ካላዘዘ አይሆንም። ገላ ሲታጠቡ አይደረግም። ባትሪው የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እያለ ገላቸው ላይ አታድርጊው።

መድኃኒቱ አይቋረጥ

ትልቁ አደጋ ከመሣሪያው ይልቅ «ካህራባው መጥቷል፣ ክኒኑ ይቅር» የሚለው አሳብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ሕመም ሲበረታ ሞርፊን በሰዓቱ እንዲሰጥ መክሯል። መሣሪያው ረዳት ነው፤ የሞርፊንን ቦታ አይተካም። ሐኪሙ ያዘዘውን አንቺ አትቀንሺ፣ አትጨምሪም። የሰጠሽበትን ሰዓት በደብተር ጻፊ፤ ለእርሳቸውም ለአንቺም ማስረጃ ይሆናል።

ሕመምን ማየት አይቻልም፤ መጠየቅ ግን ይቻላል። «ዌን ኤል ወጃዕ?» ማለት «ሕመሙ የት ነው?» ማለት ነው። ከአሥር ስንት እንደሆነ በጣታቸው እንዲያሳዩሽ አድርጊ፤ መሣሪያው ከመከፈቱ በፊትና በኋላ ቁጥሩን መዝግቢ። ሐኪሙ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን የሚያውቀው ከዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ቋንቋ አጥቶ መናገር ያልቻለውም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ካንሰር የጀርባ አጥንት ውስጥ በገባባቸው ሰዎች ላይ እግር በድንገት ቢዝል ወይም ቢደነዝዝ፣ ሽንት መቆጣጠር ቢያቅት፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ የጀርባ ሕመም ቢነሣ ሕብለ ሰረሰር ተጫንቶ ሊሆን ይችላል። በሌሊትም ቢሆን ቤተሰቡን ቀስቅሺ፤ በሰዓታት መዘግየት ሰው ዳግመኛ እንዳይሄድ ሊያደርግ ይችላል።

ያቺ እህታችን መጀመሪያ መዳም ፊት በገዛ ክንዷ ላይ ሞከረችው። «ሳቅ ሳቅ አለኝ» አለችን። ከዚያ መዳም እያሳየቻት ከቴታ አከርካሪ ግራና ቀኝ ለጠፈችላቸው። ከአሥር ስምንት ያሉት ሕመም አምስት ሆነ። ሞርፊናቸውን እንደ ወትሮው በሰዓቱ ዋጡ። ያን ሌሊት ጎናቸውን ሲለውጡ አቃሰቱ እንጂ አልጮኹም። አምስት ማለት ጤና አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ጥቂት ተኙ።