ነፍሰ ጡሯን የሚያወራጫት ሕመም

አንዲት ነፍሰ ጡር እኅት በጉባኤ መካከል ተቀምጣ ሳለ እጇ ሳታስበው ይወራጫል፤ ፊቷ ይጨማደዳል፤ የያዘችው መዝሙር መጽሐፍ ይወድቅባታል። ብዙዎቻችን ወዲያው የምንለው ክፉ መንፈስ ያዛት ነው። ነገር ግን ይህ የታወቀ የሥጋ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልናስረዳችሁ ወደድን።

ሐኪሞች ኮሪያ ግራቪዳረም ይሉታል። ስሙ ከኮሪያ አገር ጋር ዝምድና የለውም፤ ጭፈራ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። መወራጨቱ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ይዘላል፤ ስትጨነቅ ይብሳል፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋታል። ራሷንም አትስትም። ራሷን ስታ ከተንቀጠቀጠች ሌላ ብርቱ አደጋ ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ።

መነሻው ብዙ ጊዜ በልጅነት የተያዘ ቶንሲል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት እርሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የገዛ ራሱን ልብ፣ መገጣጠሚያና አንጎል ይጎዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም በልጆች ላይ ያየውን ይህን መወራጨት በ1686 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። በልጅነቷ የያዛት ሴት ስታረግዝ ሊመለስባት ይችላል፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብልም እንዲሁ ይቀሰቅሰዋል። ከሉፐስ ወይም ከእንቅርት ዕጢ መታወክ የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

ፔኒሲሊን በተስፋፋባቸው አገሮች ሕመሙ እጅግ ተመናምኗል። በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጽሑፍ ከ139,000 ያህል ወሊዶች አንድ ብቻ መገኘቱን ገልጿል። በአገራችን ግን ከዚያው ከቶንሲል የሚነሣው የልብ ሕመም ዛሬም ብዙ ወጣቶችን ይጥላል። እንጥል ማስቆረጥም መድኃኒቱ አይደለም። (እኛም በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ቶንሲል የነገረን አልነበረም!)

እንግዲህ እንጸልይላት፤ ነገር ግን በጉልበት አንያዛት፣ አናስጾማት፣ መድኃኒቷንም አናስጥላት። ከእሳትና ከደረጃ እናርቃት፤ ምግቧን እናጉርሳት። መወራጨቱ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ ይለቃታል። የልቧ ጉዳይ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ የተጎዳ ልብ የእርግዝናን ሸክም መሸከም ሊያቅተው ይችላልና ሐኪም ልቧን ያዳምጥ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጋ ከሆነች፣ አረገዝሁ ብላ በራሷ አታቋርጥ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳትም ሰው አስቀድሞ እናቷን፦ «በልጅነቷ መገጣጠሚያዋን ያብጣት ነበር? እንዲህ ያወራጫትስ ነበር?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ለሐኪሙ ይንገር።